እሁድ እሁድ ያልደወልንበት ምክንያት

ለምወድዎ እማማ፣

ይህ ወረቀት በደኅና እጅዎ ገብቶ፣ መነጽርዎም ከተደበቀበት ተገኝቶ፣ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠው እንደሚያነቡት ተስፋ አለኝ። ለመሆኑ ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ? ደረጃ መውጣት ቀንሰዋል ወይስ አሁንም «እግር ካልሠራ ይዝጋል» እያሉ ይወጣሉ? የሠራሁልዎ የላይኛው ሰው ሠራሽ ጥርስ በግራ በኩል ድድዎን ይፈትግዎት ነበር። አሁንም ካልተወዎት አይታገሡት፤ በትንሽ ካርቶን አድርገው በፖስታ ይላኩልኝ፣ በሞረድ ነካ ነካ ባደርገው ይስተካከላል። እስከዚያው ለስላሳ ለስላሳውን ይብሉ። በራስዎ እጅ በቢላ እንዳይሞርዱት ብቻ አደራ፤ ያለፈውን ሁለታችንም አንረሳውም።

እኔ ደኅና ነኝ። ልጅዎም ደኅና ናት፤ ሥራ በዝቶባት ነው እንጂ እሷም ትጽፍልዎ ነበር።

በጎረቤትዎ በነርሷ በኩል የላኩት መልእክት ደርሶኛል። «ምን አስቀየምኳችሁ? እሁድ በመጣ ቁጥር ፀጉሬን አበጥሬ የነርሷ ታብሌት ፊት እቀመጣለሁ፤ የእናንተ መልክ ግን ብቅ አይልም» ብለውኛል። ካነበብኩት ጀምሮ ሥራ በእጄ አልገባ አለኝ። እማማ፣ ምንም አላስቀየሙንም። ጥፋቱ የኮምፒውተሩ ነው። በስልክ ድምፅ ብቻ ሲሆን ጆሮዎ እንደማይዝልዎ፣ የሰው ከንፈር ሲያዩ ግን ከማንም ቀድመው እንደሚሰሙ አውቃለሁ። ስለዚህ በስልክ ደውዬ አላደናገርኩዎትም። በነርሷ በኩል ልመልስ ብዬም ነበር፤ ግን ለእርስዎ የምጽፈውን እሷ ቀድማ እንድታነበው አልፈለግኩም። ደግ ሴት ናት፣ ቢሆንም።

ነገሩ ረዘም ይላል። ካልሰለቸዎት ከመጀመሪያው ልንገርዎ።

ላፕቶፔን ያውቁታል፤ እኛን የሚያዩበት እሱ ነው። አርጅቶ ነበር። አብርቼው፣ ፊቴን ታጥቤ፣ ለብሼ፣ የጫማዬን ማሰሪያ አስሬ ስመለስ እሱ ገና አልነቃም። ልጅዎ ትስቅበት ነበር። እሷ በየመሥሪያ ቤቱ እየዞረች ኔትወርክ ስትዘረጋ የምትውል ሰው ናት፤ እንዲህ ያለ ዕቃ ቤቷ ውስጥ መኖሩ ያሳፍራት ነበር። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ «ይኼ ዕቃ እኮ አላረጀም፤ የተሸከመው ነው የከበደው። ዊንዶውሱን ላውርድለትና ሊኑክስ ልጫንበት፤ እንደ ልጅ ይሮጥልሃል» አለችኝ። ሊኑክስ ማለት ኮምፒውተሩን ከውስጥ ሆኖ የሚያንቀሳቅሰው ነገር ነው፤ እንደ ዊንዶውሱ ሁሉ፣ ግን ቀለል ያለና በነጻ የሚገኝ። እኔ የገባኝ ይህን ያህል ነው፤ «እንዳልሽ» አልኳት።

ምግብ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። መጀመሪያ የእኔን ፋይሎች ለብቻቸው ወደ አንድ ጥግ ለየቻቸው፤ እንዲህ ባለው ነገር ጠንቃቃ ናት፣ ያውቋታል። ከዚያ ፍላሿን ሰክታ መጫን ጀመረች። ስክሪኑ ላይ አንድ ረጅም መስመር ወጣና ቀስ እያለ ከግራ ወደ ቀኝ መሙላት ያዘ። እኔ ፊት ለፊቷ ተቀምጬ ብርቱካን እልጣለሁ። «እሱ እስኪጭን አንድ ነገር ላዋራህ» አለችኝ።

አወራችኝ። ምን እንዳወራችኝ እኔ አልጽፈውም፤ የእሷ ነው። ብዙ አወራች። ሳትጮህ፣ ቃሏን እየመረጠች፣ ቀድማ ለብዙ ጊዜ እንዳሰበችበት ሰው። እኔ አዳመጥኩ። በመጨረሻ ዝም ብላ አየችኝ። የሆነ ነገር እንድል እየጠበቀች እንደሆነ ገብቶኝ ነበር። እኔ ግን የማየው ያንን መስመር ነበር፤ ጫፉ ሊደርስ ትንሽ ነው የቀረው። «ሊያልቅ ነው መሰለኝ» አልኳት።

እማማ፣ ያን ቀን ከአፌ የወጣው ይኸው ነው።

ተነሳችና ክዳኑን ዘጋችው። በቁጣ አይደለም፤ ድስት እንደሚከድን ሰው ቀስ አድርጋ። ክዳኑ ሲዘጋ ኮምፒውተሩ እንዳለ ተኛ፤ ቻርጀር የሰካለትም አልነበረም፤ ባትሪው አልቆ ጠፋ። መጫኑ እንዲያ ከመሐል ተቋረጠ። ከዚያ በኋላ እሷም ሥራ በዛባት።

ሌላ ቀን ራሴ ከፈትኩት። እውነትም እንደ ልጅ ሆኗል፤ ጫማዬን ሳላስር ነቃ። ሥዕሉ ቆንጆ ነው፣ ፋይሎቼም በተቀመጡበት ጥግ አሉ። ኢንተርኔት ግን የለውም። ተቋርጧል የሚል ምልክት እንኳ የለም፤ ዋይፋይ የሚባል ነገር በዓለም ላይ እንዳልተፈጠረ ነው የሚሆነው። እዚያው ክፍል ውስጥ የዋይፋዩ ሳጥን አረንጓዴ መብራቱን እያብለጨለጨ ተቀምጧል፤ ስልኬ ያየዋል፣ ላፕቶፑ አያየውም። አጥፍቼ አበራሁት። ተሸክሜው ሳጥኑ አጠገብ ሄድኩ፤ ርቀት መስሎኝ። እንዲህ ሳደርግ ልጅዎ ብታየኝ ኖሮ ለአንድ ሳምንት መሳቂያ እሆን ነበር።

ነገሩ ለሥራዬም አልተመቸኝም። የጥርስ ሐኪሞቹ ትእዛዙንና ፎቶውን በኢሜይል ነው የሚልኩልኝ። በስልኬ ጠባብ ስክሪን እያየሁ ለአንድ አዛውንት የግራውን መንጋጋ ለቀኝ ሠራሁ። ሐኪሙ «በሽተኛው ያዘዘው ጥርስ እንጂ እንቆቅልሽ አይደለም» ብሎ መለሰልኝ። ሥራዬን ያውቁታል፤ ቀኑን ሙሉ ጀሶና ሰም ይዤ ከማይናገሩ አፎች ጋር ነው የምውለው። እንዲህ ያለ ስህተት ግን በእጄ ሠርቼ አላውቅም።

ከገበያ አዳራሹ ሥር ሁሉም «ዶክተር» የሚለው ኮምፒውተር ጠጋኝ አለ። ወሰድኩለት። ስክሪኑ ላይ ትእዛዝ የሚጻፍበትን ጥቁር መስኮት ከፍቶ አንድ ሁለት ነገር ጻፈና «ዋይፋዩ ዕቃው አለ፣ የሚያነቃው ፕሮግራም ነው ያልገባለት። መጫኑ ሳያልቅ ተቋርጧል። ማን ነው የጀመረው?» አለኝ። ባለቤቴ አልኩት። «እጇ ንጹሕ ነው። ፋይሎችህን ሳይቀር ለይታልሃለች። ታዲያ ምነው ከመሐል ተወችው?» አለ። ሥራ በዝቶባት ነው አልኩት። መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቅሎ ትንሽ አየኝና «እኔ የሰው ጅምር ላይ መግባት አልወድም። ከፈለግህ ሁሉንም ጠርጌ እንደ አዲስ እጭንልሃለሁ፤ ዞር ዞር ብለህ ስትመጣ አልቆ ይጠብቅሃል። ካልሆነ የጀመረችው ትጨርስልህ» አለኝ። እጁ ቁልፉ ላይ ነበር። «ልጥረገው?» ሲለኝ ተው ብዬ ላፕቶፑን ከእጁ ተቀብዬ ወጣሁ።

ፋይሎቼ እንዳይጠፉ ብዬ ነው። ፋይሎቹ እንኳን ሌላ ቦታ ቅጂ አላቸው፤ ቢሆንም።

እናም ራሴ ልሞክር ተነሳሁ። በምሳ ሰዓት በስልኬ እያነበብኩ፣ ኮምፒውተሩ ላይ የሚጻፈውን ትእዛዝ በጀሶ ከረጢት ጀርባ ላይ እገለብጣለሁ፤ ማታ ቤት ስገባ እሞክረዋለሁ። እማማ፣ ይህ ነገር ይሉኝታ የለውም። አንድ ነጥብ ብረሳ፣ አንድ ክፍተት ባስቀር «አላውቅህም» ይለኛል። ስልኬን በኬብል ከላፕቶፑ አገናኝቼ የስልኩን ኢንተርኔት ላበድረው ብዬም ሞከርኩ። ተገናኝቷል ይላል፤ ግን አንድም ገጽ አይከፍትም።

እንዲህ ስሆን የምታየኝ ፊት ለፊቴ የምትሠራው ሴት ናት፤ የጥርሶቹን ቀለም የምታወጣው፣ አንድ ጊዜ ስለ እሷ አጫውቼዎት ነበር፤ ነጭን ከነጭ በስድስት ዓይነት የምትለየው። ጡረታዋ ደርሷል፤ ስለዚህ ማንንም አትፈራም። «ለመሆኑ የአንተ ሚስት የኔትወርክ ባለሙያ አይደለችም እንዴ?» አለችኝ። ናት አልኳት። «ታዲያ ወንዝ ዳር ቆመህ ውሃ ጠማኝ ትላለህ? አትደውልላትም?» አለች። ሞረዴን አንስቼ ሥራዬን ቀጠልኩ። ነገሩ ገባት መሰለኝ፤ ብሩሿን አስቀመጠች። ቆይታ ደግሞ ወደ እኔ ሳታይ «አንተ ሰበብ አግኝተህ ካልደወልክ፣ ያለ ሰበብማ መቼም አትደውልም» አለችኝ።

አባቴ «ዝም አይነቅዝም» እያለ ነው ያሳደገኝ። ዝምታ የምወድ ሰው መሆኔን እርስዎም ያውቃሉ፤ የመጀመሪያ ቀን ቤትዎ የመጣሁ ጊዜ «ይኼ ልጅ ምላሱን ቤቱ ረስቶት ነው የመጣው?» ብለው ጠይቀዋት ነበር፤ ከብዙ ዘመን በኋላ ነው የነገረችኝ። እኔም ዝምታ እወዳለሁ እያልኩ ስኖር፣ ለካ የምወደው እሷ እያወራች እኔ ዝም የምለውን ነበር። አሁን ቤት ስገባ ማቀዝቀዣው ሲያጉረመርም እሰማለሁ። የላይኛው ፎቅ ሰውዬ ሲያስነጥስ እሰማለሁ። አንድ ቀን ሳላስበው «ይማርህ» አልኩት፣ ለጣሪያው።

እሁድ ደወልኩላት። እርስዎ ፀጉርዎን አበጥረው በሚጠብቁበት ሰዓት ነው። ስልኩን ስታነሳ ከጀርባዋ የመኪና ድምፅ ይሰማል፤ አሁን ያለችበት ቤት መስኮቱ ወደ መንገድ ነው ማለት ነው። ሰላምታ እንኳ ሳላስቀድም «ላፕቶፑ ነው» አልኳት። «ምን ይላል?» አለችኝ።

ያችን ድምፅ ያውቋታል፤ የሥራ ድምፅዋ፣ ረጋ ያለችው። ስልኬ በኬብሉ ከላፕቶፑ ጋር ተያይዞ ስለነበር ድምፅዋን ከፍ አድርጌ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ጥቁሩን መስኮት ክፈት አለችኝ፣ ከፈትኩ። ጻፍ ያለችኝን ጻፍኩ። የሚመልሰውን አንብብልኝ አለች። አነበብኩላት። ሌላ ሰጠችኝ፣ እሱንም አነበብኩላት። «ድረ ገጹን በቁጥር ስትጠራው ይመልስልሃል፤ በስም ስትጠራው ግን ላፕቶፑ የማን ስም እንደሆነ አያውቅም። የስም ማውጫው ነው የጎደለው። እዚያ ሳይደርስ ነው የዘጋሁት» አለችኝ። ከዚያ ማውጫውን የምትተካ አንዲት መስመር አጻፈችኝ። እንደጻፍኳት ገጾቹ መከፈት ጀመሩ፤ በስልኬ ኢንተርኔት ማለት ነው። የዋይፋዩ ገና ነበር።

ቀጥሎ በመሐል ተጀምረው የቀሩትን ሁሉ ፈልጎ እንዲጨርስ የሚያደርግ ትእዛዝ ሰጠችኝ። ያን ስጽፍ እማማ፣ ስክሪኑ ዝናብ እንደወረደበት መስኮት ሆነ፤ ጽሑፍ በጽሑፍ ላይ ይወርዳል። ስህተት ቢኖር እንድሰማው አንብብልኝ አለች። እኔም ሳላቋርጥ አነበብኩ፤ ትርጉሙን ሳላውቅ፣ ሲያዳልጠኝ እየተነሳሁ። ከቆይታ በኋላ ስትስቅ ሰማኋት። «አንተ ሰውዬ፣ ይህን ያህል ስታወራ ሰምቼህ አላውቅም እኮ» አለችኝ። ሳቋን ስሰማ ቀጥሎ ያለውን መስመር ሁለት ጊዜ አነበብኩላት። «እሱን አንብበኸዋል» አለች።

ከዚያ የዋይፋዩን ፕሮግራም ማውረድ ጀመረ። አሁንም አንድ መስመር ወጥቶ ቀስ እያለ ይሞላል። «ዝም ብለህ ጠብቅ፣ ክዳኑን ብቻ እንዳትነካ» አለችኝ። ሁለታችንም ጠበቅን። እሷ አታወራም፤ በወዲያ በኩል መኪናው ያልፋል፣ በወዲህ በኩል ማቀዝቀዣው ያጉረመርማል። «ሊያልቅ ነው መሰለኝ» የሚለው ምላሴ ጫፍ ድረስ መጣ፤ ዋጥኩት። ሌላ ነገር ልበል ብዬ ፈለግኩ። አንደበት የሌለው ሰው ሲጣደፍ የሚያመጣውን ያውቁታል። «ጠዋት ስወጣ መብራቱን አብርቼ ነው የምሄደው፤ ማታ ስመለስ በርቶ እንዲጠብቀኝ» አልኳት።

«አምፖሉ ይቃጠልብሃል» አለችኝ፤ ቀስ ብላ፣ እንደ ድሮዋ።

አባቴን መቃወም አይሁንብኝና፣ ዝምም ይነቅዛል እማማ። ሲነቅዝ ድምፅ የለውም እንጂ።

ወርዶ አለቀ። አጥፍተህ አብራው አለችኝ፤ አደረግኩ። ምልክቷ በስተቀኝ ጥግ ላይ ብቅ አለች። ስነካት የጎረቤቱ ሁሉ ኔትወርክ ስም ተዘረገፈ፤ ከመሐላቸው የእኛም ቤት አለ። «መጣ» አልኳት። «መጣ?» አለች። «መጣ» አልኳት። እንደ ሁለት ሞኝ። ከዚያ «ሌላ ያልሠራ ነገር አለ?» ስትለኝ ስልኩን ልትዘጋው እንደሆነ አወቅኩና ካሜራውን ገና አላየሁትም አልኳት። ክፈተው አለች። ከፈትኩት። «ምን ታያለህ?» አለችኝ። እኔን አልኳት። «እንግዲያው ይሠራል» አለች።

ስልኩን ከመዝጋቷ በፊት ስለ እርስዎ አነሳች። «ለእማዬ አልነገርኳትም። ልጽፍላት ብዬ ተቀመጥኩ፣ አልሆነልኝም። አንተ ብትነግራት ይሻላል፤ እኔን ትቆጣለች፣ አንተን ግን ትሰማሃለች» አለችኝ። እሺ አልኳት። እሺ ስል ቀላል መስሎኝ ነበር። ይኸው ወረቀቱን ገልብጬ ጀርባውን ጀምሬያለሁ፤ ስለ ኮምፒውተር እንጂ ስለ ሌላ የጻፍኩት የለም። ከላይ ሥራ በዛባት ያልኩትን ደግሞ ላጠፋው ፈልጌ ነበር፤ ከሰረዝኩት ወረቀቱ ይቆሽሻል፤ እርስዎ ደግሞ የተሰረዘውን ነው ቀድመው የሚያነቡት።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ዕቃዋን ልትወስድ የመጣች ቀን ቤት ነበርኩ፤ ካርቶኖቹን አብሬ አስሬላታለሁ። መጻሕፍቷን፣ ወፍራም ወፍራም ልብሶቿን፣ የሥራ ሣጥኗን ወሰደች። በመጨረሻ ኮሪደሩ ላይ ያለውን የእርስዎን ፎቶ ከሚስማሩ አወረደች፤ ያን በአበባ ቀሚስ የተነሱትን። ትንሽ ይዛው ቆመች። እኔ ጨርቅ ላምጣ ጠቅልዪው ብያት ነበር። እሷ አቧራውን በእጅጌዋ ጠረገችና መልሳ ሰቀለችው። «ጠማማ እንዳይሆን ከዚያ ሆነህ እይልኝ» አለች። ቀጥ ብሏል አልኳት። ቁልፏን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ወጣች።

እናቴን ከቀበርኩ ወዲህ እማማ ብዬ የምጠራው ሰው እርስዎን ብቻ ነው። ይህን ማለት የማይገባኝ ከሆነ ይንገሩኝ፤ አልቀየምም። እሷንም አይቆጧት። ብዙ ጠብቃለች፤ የጠበቀችውም ትንሽ ነገር ነበር።

አሁን እንግዲህ መስመሩ ተስተካክሏል፣ ሰበብ የለኝም። እሁድ በለመዱት ሰዓት ነርሷ ትክፈትልዎ፤ እኔ ቀድሜ ተቀምጬ እጠብቃለሁ። ፊቴን ወደ ብርሃኑ አደርጋለሁ፣ ከንፈሬንም ሳልቸኩል አንቀሳቅሳለሁ። የማወራውን ደግሞ ከአሁኑ እያሰብኩበት ነው፤ እንደ ወትሮው አንገቴን እየነቀነቅኩ ብቻ አላሳልፈውም።

ፈጣሪ ጉልበትዎን ያጽናልዎ። ዓይንዎ የሚወዱትን ይይ፤ የማይወዱትን ቢሰሙ እንኳ እንቅልፍ አይንሳዎ። እኔንም አይርሱኝ፤ በምርቃትዎ ውስጥ አንድ ጥግ ይተዉልኝ። ነርሷንም ሰላም ይበሉልኝ፤ እሁድ ስክሪኑ ላይ አንድ ሰው ብቻ ብታይ መስመሩ የተበላሸ መስሏት እንዳትነካካው ይንገሩልኝ።

ልጅዎ